የማይሰበረው ብስክሌት

ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ሮቤ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መሰላል ላይ ከሁለተኛው ደረጃ በላይ ወጥቼ አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ከተቀመጥኩ አብሬው ፍሬን እረግጣለሁ። ሥራዬ የብስክሌትና የባጃጅ መለዋወጫ መሸጥ ነው፤ የጎማ ከመነዳሪ፣ ካቴና፣ ፔዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሬን። የፍሬን ሸራው ያለቀበት ደንበኛ ሲመጣ ሌላውን ትቶ እሱን እንዲቀይር እለምነዋለሁ። «ይህ ሰውዬ ራሱ ፍሬን ነው» ብሎ የቀለደብኝ የባጃጅ ሹፌር አለ። ቀልዱ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ፍርሃቴ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሮቤ ስንዴና ስኳር ጭኖ፣ ጎባን አልፎ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና ይወርዳል፤ ሲመለስ ቡናና ማር ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ከሳነቴ ወደ ሪራ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ፍሬን በጥሶ ከአባባ ጋር ገደል ገባ። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። እህቴ ገና የወተት ጥርሷን እያወጣች ነበር። እናታችን ቀደም ብላ አርፋ ስለነበር ሁለታችንን የሰበሰቡን የግቢ ጎረቤታችን ናቸው። አዴ እንላቸዋለን፤ በእኛ አካባቢ ኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው።

አዴ እኔ የምፈራውን ነገር ሁሉ የማይፈሩ ሴት ናቸው። ጅብ ግቢ ቢገባ በመጥረጊያ ያባርራሉ። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ለጾማችን ሽሮውን የሚሠሩልን ግን እሳቸው ነበሩ። ለክፉ ነገር ሁሉ ሁለት መድኃኒት አላቸው፤ ዱዓና ቅቤ። ሙሽራ ብትመጣ፣ ጥጃ ቢወለድ፣ ልጅ ለትምህርት ከአገር ቢወጣ፣ የአዴ ጣት ቅቤ ይዞ ሳይነካው አያልፍም። እኔ አሮጌዋን ፒክአፕ የገዛሁ ጊዜ በጠዋት ወጥተው ግንባሯን፣ ሁለት መብራቷንና አራት ጎማዋን ቀብተዋት ነበር። የሮቤ አቧራ ለአንድ ወር ያህል ከመብራቱ ላይ አልለቅ ብሎኝ በቢላዋ ስፍቀው ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ቅቤው ያለ ጊዜ ስነዳ ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር።

እህቴ ግን ድፍረቷን ከአዴ ነው የወሰደችው፤ ከእኔ ምንም አልወሰደችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ለሽያጭ ያቆምኩትን ብስክሌት እየሰረቀች ጎባ ደርሳ ትመለሳለች። እያደገች ስትሄድ መወዳደር ጀመረች፤ ለክለብ ተመለመለች፤ ሜዳሊያም አመጣች። ውድድር ባላት ቀን እኔ ሱቄን ዘግቼ ስልኬን አጠፋለሁ። መውደቋን ሰው እንዲነግረኝ ስለማልፈልግ ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ የብስክሌት ንግድ ትርኢት አለ ተባለና አብረን ሄድን። እኔ ርካሽ ጎማ የሚያመጣ አስመጪ ልፈልግ፣ እሷ ዓይኗን ልታጠግብ። አዳራሹ ሰፊ ነበር፤ ብስክሌቶቹ እንደ ታቦት ከፍ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። እህቴ የሚያብረቀርቁትን ባለቀለሞቹን ሁሉ አልፋ አንድ ግራጫ፣ ቀለም ያልነካው ብስክሌት ፊት ቆመች። ቲታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ነው። ዋናው አካል፣ ቴላዮው፣ ብቻ ሳይሆን የኮርቻው ምሰሶ፣ የመሪው አንገት፣ ብሎኖቹ ሳይቀሩ ከዚያው ከግራጫው ብረት የተሠሩ ናቸው። በየመጋጠሚያው ላይ የብየዳው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተሰነጠቀ ቴላዮ ሲበየድ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ብየዳ ግን አይቼ አላውቅም።

ብስክሌቱን የሚያስጎበኘው ልጅ ሥራውን የሚወድ ወጣት ነበር። «አንሺው» አላት። በሁለት ጣቷ አነሳችው። ሳቀች። እኔም አንስቼ አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ሰው የሚሸከም ነገር እንዲህ መቅለሉ ትክክል አልመሰለኝም።

«አይዝግም» አለኝ ልጁ፤ «አይሰነጠቅም፣ አይሰበርም። ይህ ብስክሌት ከባለቤቱ በላይ ይኖራል።»

ሊያስደስተኝ ብሎ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ከባለቤቱ በላይ። ወደ እህቴ ዞር አልኩ፤ ኮርቻው ላይ ወጥታ እግሯን እየለካች ነበር።

ጎንበስ ብዬ ፍሬኑን መመርመር ያዝኩ። እኔ የምሸጠው ጎማውን ከላይ የሚይዘውን ዓይነት ነው። ይህ ግን እንደ መኪና በየጎማው መሀል ቀጭን የሚያበራ ዲስክ አለው። በጣቴ ልነካው ስል ልጁ እጄን ያዘ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እሱን አይንኩት። የሚፈራው ነገር ቢኖር ቅባት ብቻ ነው። የእጅ ወዝ እንኳ ይበቃዋል። ዲስኩ ቅባት ከነካው ፍሬኑ አይዝም፤ እጀታው ሲጨበጥ ጤነኛ ይመስላል፣ ጎማው ግን ይሄዳል።»

ዘይት ማጠጣት መድኃኒት በሆነበት ሱቅ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነበር። እጄን ኪሴ ከተትኩ። እስክንወጣም አላወጣሁትም።

ልጁ እህቴን ለያት፤ ውድድር ላይ አይቷት ነበር። አለቆቹ አንዱን ብስክሌት ኮረኮንችና ከባድ ቁልቁለት ባለበት አገር አስሞክረው ቪዲዮ ማስቀረት እንደሚፈልጉ ነገራት። እህቴ አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰበችም።

«ከሳነቴ ወደ ሪራ የሚወርድ መንገድ አለ» አለችው።

እግሯን ረገጥኳት። ቀጠለች። ከሰው የሰማችውን የመንገዱን ከፍታ፣ ጉሙን፣ መታጠፊያውን ስታወራለት በሰው ሠርግ ላይ እንደቆመ እንግዳ ሰማሁ። በማግስቱ ያዋሱን ብስክሌት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ወደ ሮቤ ስንመለስ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ቀና እያልኩ ጣሪያውን አየሁ። ወድቆ ቢሰበር ምነው እያልኩ ነበር። አልወደቀም።

ቤት ከደረስን በኋላ ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ። «የጎባ መንገድ አይበቃም?» አልኳት።

«እሱ አስፋልት ነው። እነሱ የጠየቁት ኮረኮንች ነው።»

«አባባ እኮ እዚያ ነው...»

«አውቃለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ አባባን አላስታውሰውም። ያንን መንገድም አይቼው አላውቅም፤ ደሎ መና ሠርግ ስንጠራ እንኳ አንተ ነህ የምታስቀረኝ። አንድ ጊዜ በራሴ እጅ ልውረደው። ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ ብቻ ይሆናል።»

የመጨረሻ ተስፋዬ አዴ ነበሩ። ይከለክሏታል ብዬ ወደ እሳቸው ቤት ሄድኩ። አዴ ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰሙኝ፣ ሰሙኝና «ትውረድ» አሉ። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ። እህቴ ሪራ ናት፣ ካየኋት ቆየሁ። በዚያውም ልጄ ስትወርድ አያለሁ።»

የሄድነው ጠዋት ነው። እኔ አስቀድሜ ቤንዚን ልቀዳ ወጣሁ። በዚያውም የፒክአፑን ፍሬን ጋራዥ አሳየሁ፤ ደህና ነው አሉኝ፣ እንደገና እዩት አልኳቸው። ስመለስ እህቴ ክፍሏ ውስጥ ልብሷን እየለበሰች ነበር። ብስክሌቱ ግቢው ግድግዳ ላይ ተደግፏል። አዴ አጠገቡ ቆመው እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ፊታቸው ፈክቷል። «ሁሉም ዝግጁ ነው» አሉኝ። እኔ የማየው ሰማዩን ነበር፤ ከተራራው በኩል ዳመና አለ ወይ ብዬ።

ብስክሌቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ፒክአፑ ላይ ጫንነው። ጎባን አለፍን። አቀበቱ ጀመረ፣ የአስታው ቁጥቋጦ ከግራና ከቀኝ ተከተለን፣ ከዚያም እሱ አልቆ አምባው ላይ ወጣን። ሳነቴ ላይ የሚቆም ተክል ጅብራ ብቻ ነው፤ በየሜዳው ነጠል ነጠል ብሎ ቆሟል። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እህቴ መሀላችን ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ታጎርሰናለች። እኔ አንዱን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ብዙ ነዳሁ።

አምባው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ቆምን። ከዚያ በኋላ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ታች የሐረና ደን አለ፤ በዚያ ሰዓት ግን የሚታየው ወደ ላይ እየተግተለተለ የሚመጣው ጉም ብቻ ነው። እህቴ ብስክሌቱን አወረደች፣ ስልኳን መሪው ላይ አሰረች፣ ሁለቱን የፍሬን እጀታዎች ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ ሞከረች። ጠንካራ ናቸው። እኔም እንድጨብጣቸው አደረገችኝ። «አየህ?» አለችኝ። አዴ ግንባሯን ስመው «ነጋን ገሊ» አሏት፤ በሰላም ግቢ ማለት ነው። ሄደች።

ከኋላዋ ተከተልኩ። የመጀመሪያው ቁልቁለት ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ፍሬን አይፈልግም። ቀይ ጃኬቷ እየራቀ ሲሄድ መሪውን አንቄ ያዝኩ።

«ምነው፣ መሪውን ልትገድለው ነው?» አሉኝ አዴ።

«እፈራለሁ አዴ።»

«አትፍራ። ወላሂ ምንም አትሆንም። ጠዋት አንተ ቤንዚን ልትቀዳ ስትሄድ ዱዓ አድርጌለታለሁ። ዳዳ ቀብቼዋለሁ።»

ዳዳ ቅቤ ነው። ቃሉን በልጅነቴ ነው የተማርኩት፤ ያን ቀን ግን ወደ ጆሮዬ ገብቶ ሆዴ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ።

«የት የት ነው የቀቡት?»

«ያንን ግራጫውን ብረት ነካ ነካ አደረግኩት። መሪውን ተውኩት፣ እጇን እንዳያንሸራትታት። ደግሞ ጎማው መሀል ላይ ክብ የሚያበራ ነገር አለ አይደል? ዓይኑ ነው ብዬ እሱን አሳምሬ ቀባሁት። ሁለቱንም። ኢንተለ ኮ እንዳትስቅብኝ ብዬ በነጠላዬ ወልወል አደረግኩት፤ አይታይም።»

ኢንተለ ኮ ሲሉ ልጄ፣ ሴቷ ልጄ ማለታቸው ነው። ቤንዚኑን ረገጥኩ። በሕይወቴ ሙሉ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ረግጬ አላውቅም። ጥሩምባውን ተጫንኩና አልለቀቅኩትም። እህቴ ሰማችኝ። እያበረታታኋት መስሏት አንድ እጇን አንስታ አውለበለበችልኝና ጎንበስ ብላ ፈጠነች። «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ፤ አዴ «ምን ሆንክ? ምን አጠፋሁ?» ይሉኛል። ጥሩምባውን ብቻ እጫናለሁ።

አባባ የወደቀበት መታጠፊያ የት እንደሆነ አላውቅም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አውቀዋለሁ። ከእሱ በፊት ያለው መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ቀና ስትል አየኋት። ሰው ፍሬን ሲይዝ ቀና ይላል። ፍጥነቷ ግን አልቀነሰም። አንድ እግሯን መሬት ላይ አደረገች፣ አቧራው ተነሳ፣ ከዚያ ጉሙ መጥቶ እሷንም አቧራውንም ዋጣቸው።

የአባባ መታጠፊያ ላይ ስደርስ መንገዱ ባዶ ነበር። መኪናውን እንዴት እንዳቆምኩ አላስታውስም። ወርጄ በቀጥታ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሮጥኩ፤ የአባባ ጊዜ ሰዎች ቆመው ቁልቁል ያዩ እንደነበረው እኔም ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ነጭ ጉም ነው። ስሟን ለመጥራት ፈራሁ። ብጠራትና ዝም ብትል ምን እሆናለሁ? አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

የጠሯት አዴ ናቸው። ከወዲያ በኩል፣ ከተራራው በኩል፣ «እዚህ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

አስታው ውስጥ ተወሽቃ ነበር። ቀኝ ክንዷ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል፤ ፊቷ ተቧጭሯል፤ ዓይኗ ግን ጥርት ብሎ ያየኛል። «ፍሬኑ አልያዘም» አለችኝ። «ጨበጥኩት፣ ጨበጥኩት፣ አልያዘም። ገደሉንና ተራራውን አየሁና ወደ ተራራው ጣልኩት።» ተንበርክኬ ጭንቅላቷን ያዝኩና አለቀስኩ። ከፍርሃትም ከደስታም አልነበረም፤ ያለፈው ሁሉ ነገር አንድ ላይ መጥቶብኝ ነው።

በዚያ መሀል ሽታው መጣ። ዲስኩ ግሎ ኖሮ ቅቤው ነጥሯል። ብርዱ መሀል፣ አስታው ውስጥ፣ የተነጠረ ቅቤ ሽታ። እህቴ አፍንጫዋን ነፋ አደረገች። ብስክሌቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም አጠገቧ ተቀምጠው ፊቷን በነጠላቸው የሚጠርጉትን አዴን አየች። ሁሉ ነገር ገባት።

«አልሀምዱሊላህ» ይላሉ አዴ፤ «አልሀምዱሊላህ። ያ ቅቤ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?»

እኔ ዞር አልኩ። እህቴ በደህና እጇ የአዴን እጅ ያዘች። «አዎ አዴ» አለች። «ቅቤው ነው።»

አዴ ተነስተው ብስክሌቱን ከቁጥቋጦው ለማውጣት ጎንበስ አሉ። ዲስኩ አቃጠላቸውና እጃቸውን መለስ አደረጉ፤ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ አየሁ። ከዚያ በኋላ ጎባ ሆስፒታል እስክንደርስ ድረስ አልተናገሩም። ድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት። ሪራ ያለችውን እህታቸውንም አላነሱም።

እህቴ ክንዷ በጄሶ ታሰረ። ከአዲስ አበባ ያ ልጅ ደወለ። መውደቋን ስነግረው በጣም ደነገጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቴላዮውስ?» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ከሦስታችንም ደህና የነበረው እሱ ነው። ጠልቼው ለብዙ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። ልጁ አዲስ የፍሬን ሸራ ላከልን፤ እኔም ዲስኩን በአልኮል ጠረግኩት፤ ደግሜ ጠረግኩት፤ ማታ ማታም ሽታው እንዳለ እየተነሳሁ አሸተው ነበር።

ስለ ቅቤው ለአዴ ማንም አልነገራቸውም። እኔና እህቴ ቁጭ ብለን ተማምለናል። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው እንዲተኙ አልፈለግንም።

ጄሶው ወጣ፤ ክንዷ ዳነ፤ እኔ የፈራሁት ቀንም መጣ። እህቴ እንደገና ልትወርድ ነው። ጠዋት ቤንዚን ልቀዳ አልሄድኩም፤ ማታውኑ ቀድቼ ነበር። ከብስክሌቱ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩ። አዴ ከቤታቸው ሲወጡ በቀኝ መዳፋቸው ላይ ቅቤ አለ። ምን ብዬ እንደማስቆማቸው አላውቅም ነበር፤ ከጎማው ፊት ለፊት ተጠጋሁና ቆምኩ።

እህቴ ሄልሜቷን አውልቃ በመሀላችን ገባች። ጎንበስ አለች። «አዴ፣ የብስክሌቱንም ድርሻ እኔ ላይ ያድርጉት» አለቻቸው።

አዴ ቅቤውን ሁሉ አናቷ ላይ አደረጉት። ቀስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው፣ ጸጉሯን እየለዩ አሹት። ዱዓቸውን ጨረሱ። ከዚያ ወደ ውሃው ጄሪካን ሄዱ። ሳሙና አንስተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ አለቅልቀው እንደገና በሳሙና ታጠቡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከብስክሌቱ ራቅ ብለው ቆሙ። ሊያዩት ሲፈልጉ እንኳ አንገታቸውን ብቻ ነው ያሰገጉት።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት።

ሳነቴ ላይ፣ ጠርዙ ጋ፣ እህቴ ሄደች። ሞተሩን አስነስቼ ከአዴ ጋር ተከተልኳት። ፍሬኗን ስትይዝ ጎማው ሲያዝ አየሁ፤ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች፣ ያዘላት። የአባባን መታጠፊያ ቀስ ብላ ዞረች። እኔ አዴ ወትሮ የሚሉኝን «አትፍራ» ጠበቅኩ። አልመጣም። ዘወር ስል አዴ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘዋል፤ ዓይናቸው ቀይ ጃኬቷ ላይ ነው፤ ቀኝ እግራቸው ፍሬን በሌለበት ወለል ላይ ፍሬን ይረግጣል።

እስከ ሪራ ድረስ ሁለታችንም እንደዚያው ወረድን።